ለጫካ አደን የትኛው ጠመንጃ፣ የትኛው ጥይት? (ሚኒሶታ ላለው ወንድሜ)

የሸዋበር ልጅ (ደሴ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ የወሎ ልጆች።

ሚኒሶታ የሚኖር ታናሽ ወንድም አለኝ። የሥራ ባልደረባው ቤተሰቦች ጫካ ያለበት መሬት አላቸው። የአጋዘን አደን ሲከፈት አብረን እንግባ ብሎ ጋብዞታል። ወንድሜ ግሪን ካርድ አለው፣ በወረቀት በኩል ችግር የለበትም። የቀረው ጠመንጃ መምረጥ ነው። እኔን የጠየቀኝ ወሎ ቦረና አያታችን ዘንድ ስናድግ ቤልጅጉን የምወለውለው እኔ ስለነበርኩ ነው። ስለ ቤልጅግና ስለ ክላሽ ልነግረው እችላለሁ። የአሜሪካን ሱቅ መደርደሪያ ግን እዚህ ካላችሁት ውስጥ የሚያውቀው አይጠፋም።

ልጁ ቀጭን ነው፣ 60 ኪሎ አይሞላም። መነጽር ያደርጋል። ጠመንጃ ተኩሶ አያውቅም። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ከመቀመጫው ሆኖ ሩቅ የሚባለው 80 ሜትር ቢሆን ነው። አጋዘኖቹ ባለ ነጭ ጭራዎቹ ናቸው። ባልደረባው «300 ዊን ማግ (ዊንቸስተር ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት) ግዛ፣ አንዴ ከመታህ አለቀ» ብሎታል። ሱቅ ውስጥ ደግሞ 308፣ 30-30 እና 243 የሚባሉትን ጥይቶች የሚተኩሱ ጠመንጃዎች አሳይተውታል። ገንዘቡ የተትረፈረፈ አይደለም፣ ሁለት ጠመንጃ አይገዛም። ምን ትላላችሁ?

የወልዲያው (ሚኒሶታ)

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። እኔም እዚሁ ነኝ፣ በየዓመቱ ጫካ እገባለሁ። መልሱ ጥያቄህ ውስጥ አለ። 80 ሜትር ብለሃል። ከዚያ ተነሳ።

የጎፍ ደን ገብተህ ታውቃለህ አይደል? ጥዱ መሃል ቆመህ ምን ያህል ርቀት ይታይሃል? የዚህም አገር ጫካ እንደዚያ ነው። አጋዘኑ ሳትሰማው ከዛፍ መሃል ብቅ ይላል። ሁለት ሦስት እርምጃ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ይሰወራል። ለእንዲህ ያለ ቦታ አጠር ያለ፣ ቀለል ያለ፣ ቶሎ ትከሻ ላይ የሚወጣ ጠመንጃ ነው የሚያስፈልገው። 300 ዊን ማግ ለሩቅ ተኩስና ለትላልቅ እንስሳ ሸጋ ጥይት ነው። 80 ሜትር ላይ ግን ትርፉ ጩኸትና የትከሻ ሕመም ነው።

30-30 የጫካ አዳኝ ጥይት ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1895 ጀምሮ አለ። ብዙውን ጊዜ የሚተኮሰው ከምላጩ ስር ባለው ማንሻ በሚቀባበል ቀጭን ጠመንጃ ነው። 170 ግሬን፣ ማለትም 11 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 670 ሜትር ያህል ይወረውራል። እስከ 150 ሜትር ድረስ ለአጋዘን ከበቂ በላይ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በል። የአብዛኞቹ ጥይት የሚደረደረው ከአፈሙዙ በታች ባለው ቱቦ ውስጥ ነው። የኋለኛው ጥይት ጫፍ የፊተኛውን ካፕሱል፣ ማለትም ጥይቱን የሚያቀጣጥለውን ክፍል ይነካል። ስለዚህ አረሩ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ወይም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ለስላሳ የፕላስቲክ ጫፍ ያለው መሆን አለበት። ሹል ጫፍ እዚያ ቱቦ ውስጥ አይገባም፣ ሊፈነዳ ይችላል።

308 በ1952 ወጣ። 150 ግሬን አረር በሰከንድ 860 ሜትር ገደማ። የማይሸጥበት ሱቅ የለም፣ ዓይነቱም ብዙ ነው። ምቱ (ሲተኮስ ትከሻን የሚገፋው) የተቀነሰ፣ ለጀማሪ ተብሎ የሚዘጋጅም አለው። 243 በ1955 መጣ፣ ምቱ የ308ን ግማሽ ቢሆን ነው። 100 ግሬን ለአጋዘን የተሠራ አረር ከተጠቀመ ይሠራል። ቀዳዳው ግን ትንሽ ነው፣ አንዳንዴ ደም ብዙም አይንጠባጠብም። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ደግሞ ደም ነው ወደ እንስሳው የሚመራህ።

አንድ ጠመንጃ ብቻ ከሆነ እኔ በእጅ የሚቀባበል አጭር 308 እገዛለታለሁ። አፈሙዙ 20 ኢንች ያህል፣ ሰደፉ አጠር ያለ። ይሄን ሰደፍ ችላ አትበሉት። ሱቅ ውስጥ በሸሚዝ ለክቶት ልክ የሆነው ጠመንጃ በህዳር ወፍራም ጃኬት ላይ ሲመጣ ይረዝማል። ብብት ስር ይያዛል። አጋዘኑ ቆሞ አይጠብቅም።

ሕጉን ደግሞ፦ ከዲሴምበር 31፣ 1979 በኋላ የተወለደ ሰው የጠመንጃ ደህንነት ኮርስ ሳይወስድ ፈቃድ አያገኝም። ኮፍያውና ከወገብ በላይ ያለው ልብሱ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ መሆን አለበት። አረሩ ጫፉ ሲመታ የሚከፈት ዓይነት መሆኑ ግዴታ ነው። አደኑ የሚከፈተው ለኖቬምበር 6 በሚቀርበው ቅዳሜ ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ኖቬምበር 6 ማለት ጥቅምት 27 ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት!

ግን እኔ ከባልደረባው ጋር ነኝ። ጫካ አይደል? ቅርንጫፍ አለ፣ ቁጥቋጦ አለ። ከባድ ጥይት ቅርንጫፉን ጥሶ ያልፋል። ቀላሉ ደግሞ ይስታል። ለምን ትልቁን አይገዛም?

ጋሼ ወረኢሉ

ልጄ ቦርከና፣ ይህን ብዙ ሰው ይለዋል። እኛም ወጣት ሳለን እንለው ነበር። ቅርንጫፍ ጥሶ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ጥይት የለም። ከባዱም ቀላሉም፣ ፈጣኑም ዘገምተኛውም እንጨት ሲነካ መንገዱን ይለቃል። ልዩነታቸው ትንሽ ነው። የአውራ ጣት ውፍረት ያላት ቅርንጫፍ ከእንስሳው ራቅ ብላ ከነካችው ደረት ያልከው ሆድ ላይ ያርፋል። ሆዱን የተመታ እንስሳ ደግሞ ገደል ገብቶ በስቃይ ይሞታል፣ ለጅብ ይተርፋል እንጂ ለሰው አይሆንም። መፍትሔው ክፍተት መጠበቅ ነው። ክፍተት ከሌለ አትተኩስ።

ስለ ምቱም ልናገር። እኔ ወታደር ቤት ኤም 14 ታጥቄያለሁ። የእሱ ጥይት 7.62 በ51 ነው፣ ከ308 ጋር ወንድማማች ነው። ጤነኛ ጎልማሳ ይችለዋል። ኤም 14 ግን ከባድ ነው፣ ክብደቱ ምቱን ይውጥለታል። ያው ጥይት በቀላል የአደን ጠመንጃ ሲተኮስ ጠንከር ይላል። ምልምሎች ስናሠለጥን የምናየው አንድ ነገር ነበር። ጠመንጃው የመታው ልጅ በሚቀጥለው ተኩስ ምላጩን ሳይስብ ዓይኑን ይጨፍናል። ትከሻውን ወደፊት ይገፋል። አፈሙዙ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ አንዴ ከለመደ ለመንቀል ብዙ ወር ይፈጃል። 60 ኪሎ ለማይሞላና ተኩሶ ለማያውቅ ልጅ ማግነም መስጠት ይህን ማስተማር ነው።

ሌላው፣ 7.62 የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። የክላሹ 7.62 በ39 ነው። የኤም 14ቱ 7.62 በ51። የድራጉኖቩ 7.62 በ54። ቀለሀቸው ይለያያል፣ አንዱ በሌላው ጠመንጃ አይገባም፣ አይሞከርም። ልጁ ሱቅ ሲገባ የካርቶኑን ጽሑፍ አፈሙዙ ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክር።

የላስታው

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። እኔ የምለው፣ የክላሽ ጥይትስ ለአጋዘን አይሆንም? ልጁ ቢያንስ ስሙን ያውቀዋል።

የወልዲያው (ሚኒሶታ)

ይሆናል የላስታው። 123 ግሬን አረር በሰከንድ 715 ሜትር አካባቢ ነው፣ ለ30-30 ቀረብ ይላል፣ ትንሽ ያንሳል። እዚህ በእጅ የሚቀባበል ቀላል ጠመንጃም ይሠራለታል። ምቱ ለስላሳ ነው። ከ100 ሜትር ወዲህ፣ ጫፉ እርሳስ በሆነ የአደን ጥይት ከሆነ አጋዘን ይጥላል። ወታደራዊው ሙሉ በሙሉ መዳብ የለበሰው ግን አይፈቀድም። እሱ በስቶ ይወጣል፣ ውስጥ አይከፈትም። እንስሳው ቆስሎ ሩቅ ይሄዳል።

ለወንድማችን ግን አሁንም 308 ወይም 7ሚሜ-08 እላለሁ። 7ሚሜ-08 የ308 ቀለሀ አፉ ጠበብ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ሬሚንግተን በ1980 ነው ያወጣው። 140 ግሬን አረር፣ በሰከንድ 850 ሜትር ገደማ። ምቱ ከ308 ቀነስ ይላል፣ አጋዘኑ ላይ ግን ልዩነቱ አይታይም። ጉድለቱ ትንሽ ከተማ ውስጥ ጥይቱ እንደ 308 በየሱቁ አለመገኘቱ ነው።

አገሩን ቢቀይር ደግሞ ሕጉን እንደገና ይይ። አንዳንድ ግዛቶች ቀለሀው አንገት የሌለው ቀጥ ያለ ጥይት ነው የሚፈልጉት። 308ም 30-30ም እዚያ ለአጋዘን አይሆኑም።

የቦረና ሳይንቱ (መካነ ሰላም)

ስለ ጠመንጃው ብዙ ተብሏል። እኔ ስለ እንስሳው ልጨምር። ትምህርቴም ሥራዬም የዱር እንስሳ ነው።

ከድኩላ ጋር ያደግን ሰዎች ነጭ ጭራውን አጋዘን ለመረዳት አይከብደንም። እሱም የጫካ ዳር እንስሳ ነው። ማለዳና አመሻሽ ይወጣል፣ ቀን ጥላ ውስጥ ያርፋል። የኛ የምኒልክ ድኩላ ወንዱ ጥቁር ሆኖ ዛፍ መሃል ሲቆም ዓይንህ እያየው ያልፈዋል። የእነሱም ግራጫ ሆኖ ከደረቀ ቅጠል ጋር ይመሳሰላል። ሙሉ አጋዘን አትፈልግ። ከመሬት ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ፈልግ። ዛፍ ሁሉ ወደ ላይ ቆሞ ሳለ አግድም የሆነች ነገር ካየህ ጀርባ ልትሆን ትችላለች። ጆሮ ሲንቀሳቀስ ጠብቅ።

የሚመታው ጎኑን ሲሰጥ ነው። የፊት እግሩን ከኋላው መስመር ተከትለህ ወደ ላይ ውጣ፣ የደረቱ አንድ ሦስተኛ ላይ ቁም። እዚያ ሳንባ አለ፣ ከስሩ ልብ አለ። ሳንባውን የተመታ አጋዘን ሮጦ ሊጠፋ ይችላል፣ ግን ሩቅ አይደርስም። ስለዚህ ሲሮጥ ሳትኩ ብሎ ወደ ቤት እንዳይሄድ። የቆመበት ቦታ ይሂድ፣ ደሙን ይይ። ሮዝ ሆኖ አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባ ነው። ጠቆር ያለ ከሆነ ጉበት ሊሆን ይችላል፣ ይታገስ። ፈርስ የቀላቀለ፣ የሚሸት ከሆነ ሆድ ነው፣ ለብዙ ሰዓት አይከተለው። ቶሎ ከተከተለው ከተኛበት ተነስቶ ይርቃል። ከዚያ አይገኝም።

ይህን ሁሉ የማወራው እዚያ አደኑ በሕግ፣ በኮታ፣ በወቅት ስለሆነ ነው። እዚህ ይህን ክር የምታነቡ ልጆች፣ ደንቆሮ ጫካ ያለው ድኩላ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ፓርክ ነው፣ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያው ነው። በአገራችን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። አንዲት ድኩላ ስትገደል እዚያ ጫካ ውስጥ ምን ያህል እንደሚጎድል እኔ በዓይኔ አያለሁ። እባካችሁ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ጋሼ ወረኢሉ፣ ስለ ቅርንጫፉ ገብቶኛል። አመሰግናለሁ። የጎፍ ደን ውስጥ ለድኩላ ፎቶ ብዬ ስጠብቅ ያየሁት ነገር አሁን ነው ትርጉም የሰጠኝ። ሁልጊዜ አንድ ቅጠል ከመሃል አለ።

የሸዋበር ልጅ (ደሴ)

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ለወንድሜ እያነበብኩለት ነው። ሁለት ጥያቄ አለው። አንደኛ፣ አረሩ እርሳስ ይሁን መዳብ? ሱቅ ውስጥ መዳቡ ውድ ነው። ሁለተኛ፣ ሐላልነቱ። ሚስቱ ሥጋው ቤት ውስጥ እንዲገባ የምትፈቅደው ይህ ከተጣራ ብቻ ነው።

ሐይቅ ዳር

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የመጀመሪያውን ልመልስ።

ፈጣን የእርሳስ አረር አጥንት ሲመታ ይበታተናል። ፍርፋሪው ከቁስሉ ርቆ ሥጋ ውስጥ ይገባል፣ በዓይን አይታይም። በ2008 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሰሜን ዳኮታና ሚኒሶታ ውስጥ ለችግረኞች በተለገሰ የአጋዘን ሥጋ ውስጥ የእርሳስ ፍርፋሪ ተገኝቶ ብዙ አነጋግሯል። ቤቱ ውስጥ ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካለች መዳቡን ይግዛ፣ ገንዘቡ ለዚህ ይውጣ። እርሳስ ከሆነ ደግሞ ዘገም ያለው የ30-30 ዓይነት ከፈጣኖቹ ያነሰ ይበታተናል። በሁለቱም የቁስሉን ዙሪያ ሰፋ አድርጎ ቆርጦ ይጣል። ለእንስሳት እንኳ አይስጠው። መዳብ ለመከፈት ፍጥነት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከእርሳሱ ትንሽ ቀለል ያለ ክብደት ይመረጣል። ይህን የወልዲያው ወንድማችን ቢያርመኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ዋናው። ጥሬ ሥጋ እንዳይበላ! የወሎ ልጅ ነው፣ ትኩስ ሥጋ ሲያይ ምን እንደሚያምረው አውቃለሁ። የዱር አጋዘን ቶክሶፕላዝማ ሊኖረው ይችላል። በደንብ ይብሰል። ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ ሲ ደብሊው ዲ የሚባል የአጋዘን የአንጎል በሽታ አለ። በዱር አጋዘን ላይ ከ2010 ጀምሮ ተገኝቷል። ወደ ሰው ተላለፈ የተባለበት የተረጋገጠ ነገር የለም። ግን በማብሰል አይጠፋም። በሽታው ባለበት አካባቢ ከሆነ የአንገቱን ዕጢ አስወስዶ ያስመርምር፣ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ ለብቻው ያቆየው። አንጎልና አከርካሪ አይነካ፣ ጓንት ያድርግ። የታመመ መሆኑ ከተነገረው አይብላው።

የባቲ ሰኞ

አብሽር የሸዋበር ልጅ። የሁለተኛውን እኔ ልሞክር፣ የመጨረሻውን ቃል ግን ሰፈሩ ያለው መስጂድ ኢማም ይንገረው።

አጋዘን በራሱ የሚበላ እንስሳ ነው። አዳኙ ራሱ ሙስሊም ነው። ምላጩን ሲስብ ቢስሚላህ ይበል፣ ያኔ ነው ቦታው። የዐዲይ ብን ሓቲም ሐዲስ አለ። መሣሪያው በስለቱ ወግቶ ከገደለ ብላ፣ በጎኑ መትቶ ከገደለ አትብላ ይላል። ብዙዎቹ የዘመናችን ዑለማዎች ጥይት በስቶ ደም ስለሚያፈስ ከወጊው ጋር ይመድቡታል። ደርሶ ነፍሱ ካለች ግን ማረድ ግዴታው ነው። ስለዚህ ቢላው ወገቡ ላይ ይኑር፣ የተሳለ ይሁን። ባልደረባው የገደለውን እንደራሱ ግዳይ አድርጎ እንዳይወስድ፣ የእሱ ሌላ ጥያቄ ነው። ከላይ የቦረና ሳይንቱ ስለ ደረቱ የተናገረው ለዚህም ይጠቅማል። ሳንባውን የተመታ ደሙ ይፈስሳል፣ አይሰቃይም።

የወልዲያው (ሚኒሶታ)

ሐይቅ ዳር፣ የምታርሚው እንጂ የሚታረም የለሽም እህቴ። መዳብ ከሆነ በ308 ከ130 እስከ 150 ግሬን ጥሩ ነው። ነገር ግን ምቱ በተቀነሰው ጥይት ላይ መዳብ አይጠቀም። ፍጥነቱ ስለሚወርድ ላይከፈት ይችላል። ለልምምድ የተቀነሰውን እርሳስ፣ ለጫካው ሙሉውን መዳብ። የሚያርፉበት ቦታ ስለሚለያይ ግን ከአደኑ በፊት በመዳቡ እንደገና ዒላማውን ያስተካክል።

የሸዋበር ልጅ (ደሴ)

ወንድሜ ቅዳሜ ባልደረባው ጋ ሜዳ ሄዶ ሞክሯል። የተኮሰውን ልጻፍላችሁ።

30-30ው ትከሻውን አልጎዳውም። ግን በብረት ማነጣጠሪያው አልቻለም። መነጽሩ ጋር የፊቱ ብረት ይደበዝዝበታል። 300ውን ባልደረባው አስተኮሰው። ጋሼ ወረኢሉ ያሉት ነው የሆነው። ከሁለተኛው ጀምሮ ጥይቱ ዒላማው እግር ስር አፈር ማንሳት ጀመረ። 308ውን በተቀነሰው ጥይት ሲተኩስ ግን ወረቀቱ ላይ ሦስቱም መዳፍ በሚሸፍነው ቦታ አረፉ። ሰደፉ የሚያጥርና የሚረዝም ነው። ያገለገለ ነው፣ ዋጋው ይቀምሳል። ባለሱቁ ጠመንጃው ላይ የሚገጠም ትልቅ መነጽር፣ እስከ 18 የሚያጎላ፣ ጨምሮ ሊሸጥለት ይፈልጋል። ይግዛ?

የወልዲያው (ሚኒሶታ)

አይግዛ! 18 የሚያጎላ መነጽር ጫካ ውስጥ ፀጉር ነው የሚያሳየው። አጋዘኑ 30 ሜትር ላይ ሲመጣ ደረት ይሁን ታፋ አይለይም። ከ2 እስከ 7፣ ወይም ከ1 እስከ 4 የሚያጎላ በቂ ነው። ጫካ ውስጥ ሁልጊዜ ታችኛው ቁጥር ላይ ያቆየው። ያኔ ሁለቱንም ዓይኑን ከፍቶ ጠመንጃውን ሲያነሳ እንስሳውን ወዲያው ያገኘዋል። ብርሃን የሚያስገባ ይሁን፣ ምክንያቱም የሚመጣው ጎህ ሲቀድና ሊመሽ ሲል ነው። የተረፈውን ገንዘብ ጥይት ይግዛበት።

ማስተካከያው ቀላል ነው። መጀመሪያ 25 ያርድ ላይ፣ ከዚያ 100 ያርድ ላይ፣ ጠመንጃው ተደግፎ። ሦስት ሦስት ይተኩስና መሃላቸውን ይዞ ያርም፣ በአንዷ ጥይት አይፍረድ። ያ ሲያልቅ ጠረጴዛውን ይተወው። ተቀምጦ፣ ተንበርክኮ፣ ዛፍ ተደግፎ፣ ያንን ወፍራም ጃኬት ለብሶ 50 ሜትር ላይ ይለማመድ። የጆሮ መሸፈኛ ሁልጊዜ።

ጋሼ ወረኢሉ

ጥሩ መርጧል፣ ይባረክለት። እኔ አንድ ልጨምር። እዚያ ዛፍ ላይ ወጥተው ነው የሚቀመጡት አሉ። ጠመንጃ ተሸክሞ መሰላል እንዳይወጣ። ጥይቱን ያውጣ፣ ቀለሀ ቤቱ ባዶ መሆኑን በጣቱ ይንካ። ጠመንጃውን መሬት ላይ ያስቀምጥ፣ እሱ ይውጣ፣ የደህንነት ቀበቶውን ይሰር። ከዚያ በገመድ ይሳበው፣ አፈሙዙ ወደ ታች ሆኖ። ላይ ሆኖ ነው የሚያጎርሰው። ሲወርድም እንዲሁ።

የሸዋበር ልጅ (ደሴ)

እሺ ጋሼ፣ አሁኑኑ ደውዬ አነብለታለሁ። ከ2 እስከ 7 የሚያጎላውን አዟል። ኮርሱን ሐሙስ ይጀምራል።